ሁለተኛ ፎቅ፣ አንደኛ በር

ኢሽቤል ጌደስ በሥራ ቀናት ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ቢጫ ካፖርቷን ለብሳ፣ ክብ ምልክት ያለበትን ረጅም ዘንግ ይዛ፣ ዴኒስቱን በተባለ ሰፈር ከትምህርት ቤቱ በታች ተማሪዎችን መንገድ ታሻግራለች። በዚያን ሰዓት ባሏ ሄክተር ቤት ውስጥ ብቻውን ነው። ሄክተር በጉልምስናው የመርከብ በያጅ ነበር፤ አሁን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እግሩም ድንገት ይከዳዋል። ብቻውን መዋል የቻለው አንገቱ ላይ በሚንጠለጠል የእርዳታ መጥሪያ ቁልፍ ምክንያት ነው። ቁልፉን ሲጫን መስኮቱ ሥር ያለችው ነጭ ሣጥን በቤቱ የኢንተርኔት መስመር ወደ እርዳታ ጣቢያው ትደውላለች፤ ከሣጥኗም የሰው ድምፅ ይመልስለታል፣ ጣቢያውም ለኢሽቤል ይደውላል። ያለዚያ መስመር ኢሽቤል ከቤት መውጣት አትችልም።

የካቲት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከኢንተርኔት ድርጅታቸው ደብዳቤ መጣ። ሊለዩን በመወሰንዎ አዝነናል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ወደ ሌላ ድርጅት ይዛወራሉ፤ ከእርስዎ የሚጠበቅ ነገር የለም ይላል። ኢሽቤል ማንንም ልለይ ብላ አታውቅም። ደብዳቤውን ደግማ አንብባ ቀደደችው። ባንኩም ፖሊሱም የጡረተኞች ክበቡም ለዓመታት የመከሯት ይህንኑ ነው፦ ያልጠበቁት ደብዳቤ ከመጣ አጭበርባሪ ነው፣ እንዳትደውሉ። በሰፈሩ አለመታለል የሚኮሩበት ነገር ስለሆነ፣ መቅደዷን ለጎረቤቷ ነግራ ተመስግናበታለች።

በማግስቱ ከማታውቀው ድርጅት ሌላ ደብዳቤ ገባ። አድራሻው የእሷ ሲሆን ስሙ ግን ስትሩዋን ፐርዲ ይላል። የሰው ደብዳቤ አይከፈትም። እንደ ሕንፃው ልማድ፣ ባለቤቱ ሲያልፍ እንዲያነሳው መግቢያው ላይ ባለው የመስኮት ደፍ አስቀመጠችው።

በሳምንቱ ረቡዕ ጠዋት ሦስተኛው መጣ። አገልግሎትዎ ነገ ያበቃል፣ የኢንተርኔት መሣሪያችንን ይመልሱልን ይላል። ለመመለሻ የሚሆን ባዶ ካርቶንም አብሮ መጥቷል፤ የመላኪያው ተከፍሎበታል።

ሄክተር ካርቶኑን አገላብጦ አየ። «አጭበርባሪ ከሆነ ደግ አጭበርባሪ ነው» አለ። «የፖስታውን ከፍሎልሻል።»

ኢሽቤል አልሳቀችም። የድርጅቱን ስልክ ከአሮጌ ሒሳብ ላይ ፈልጋ ደወለች። ከረጅም ሙዚቃ በኋላ አንዲት ጨዋ ሴት አነሳች። በቤትዎ አድራሻ አዲስ መስመር ታዟል፣ ትእዛዙ የመጣው ከአዲሱ ድርጅት ነው፣ እኛ ልናስቆመው አንችልም፣ የሚሰርዘው ያዘዘው ሰው ብቻ ነው አለቻት። ማን እንዳዘዘ ግን መናገር አይፈቀድላትም። ሴትየዋ ወደ ጠቆመቻት አዲስ ድርጅት ስትደውል ደግሞ እርስዎ ደንበኛችን አይደሉም ተባለች። ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ነው በፖስታው ላይ የነበረው ስም ትዝ ያላት።

ወርዳ የመስኮቱን ደፍ አየች፤ ደብዳቤው ተነሥቷል። ስለዚህ ሰውየው እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው። በሮቹን እያየች ወጣች። ስም ያልተለጠፈበት በር አንድ ብቻ ነው፤ አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛው በር። አንኳኳች፤ መልስ የለም። ደጋግማ መታችው።

«ምንም አልገዛም» አለ ከውስጥ የወንድ ድምፅ።

«እኔም አልሸጥም። ስትሩዋን ፐርዲ አንተ ነህ?»

«ማን ነው የሚጠይቀው?»

«ከላይህ ያለችው። ኢንተርኔቷን የወሰድክባት።»

ሰንሰለቱ እንደተያያዘ በሩ ገርበብ አለ። በአርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ እንቅልፍ ዓይኑን ያሳበጠው ሰው ነው። ሌሊት ሌሊት ዳቦ ፋብሪካ እንደሚሠራ፣ ወደዚህ ቤት ከገባም ገና ወር እንዳልሞላው ነገራት። ያዘዘው ለራሱ ቤት እንደሆነ ማለላት። ስልክህን አሳየኝ አለችው። ትእዛዙ ላይ በአድራሻው ቦታ የተጻፈው ሁለት፣ ቀጥሎ አንድ ነበር።

«ይኸው፣ ሁለተኛ በር፣ አንደኛ ፎቅ» አለ። «በፊት የኖርኩበት በሩ ነው የሚቀድመው።»

«እዚህ ፎቁ ይቀድማል። ደረጃውን ሳትወጣ በሩን አታገኘውም፣ ልጄ።»

እዚያው በር ላይ ቆመው ደወለ። እያዳመጠ ፊቱ ተለወጠ። ትእዛዙ ተሰርዟል፤ የነገውን ማቋረጥ ለማስቆም ግን ረፍዷል፤ መስመሩን ወደ ነበረበት መመለስ ቀናት ይወስዳል ብለውታል። ኢሽቤል አልጮኸችበትም። ስለ ሄክተር፣ ስለ ቁልፉና ስለ ሥራዋ ነገረችው። ስትሩዋን የበሩን ሰንሰለት ፈታ።

«ጠዋት የሚወጡት እኔ ከሥራ ስገባ ነው» አለ። «እናንተ ጋ ልተኛ? ከጠራኝ እሰማለሁ።»

ሄክተር ሲነገረው ተቆጣ። ዘበኛ ቀጠርሽልኝ አላት። ዘበኛ አይደለም፣ ተኝቶ ነው የሚውለው አለችው። ተኝቶ የሚጠብቅ ዘበኛ ያለው እዚህ ቤት ብቻ ነው ብሎ ፊቱን አዞረ፤ እምቢ ግን አላለም።

ሐሙስ ጠዋት ዝናብ ነበር። ኢሽቤል መንገዱ ላይ ሆና የኪሷን ስልክ ደጋግማ ነካች። ሌላ ቀን ስልኩ ዝም ሲል ሄክተር ደኅና ነው ማለት ነበር። ዛሬ ዝምታው ምንም አይነግራትም። አንድ ጊዜ መኪናዎቹን ሳታይ ዘንጓን አነሳች፤ የአውቶቡስ ሹፌር ፍሬን አጥብቆ ያዘና በመስኮት አያት። ልጆቹን ወደ ኋላ መለሰቻቸው።

ስትመለስ በሩ አልተቆለፈም። የነጯ ሣጥን መብራት ቀይ ሆኗል። ሄክተር ወንበሩ ላይ ነው፤ አንዱ ነጠላ ጫማው መስኮቱ ሥር ቀርቷል። ስትሩዋን ተንበርክኮ የፈሰሰ ሻይ በፎጣ ያደርቃል።

«መስመሩ ሲቋረጥ ሣጥኗ ጮኸች፤ ላጠፋት ተነሣሁ» አለ ሄክተር።

«ወደቅህ?»

«ተቀመጥኩ።»

«መሬት ላይ?»

«ቅርብ ያገኘሁት እሱን ነው።»

ስትሩዋን ፎጣውን ወጥ ቤት ሊወስድ ተነሣ፤ አጠገቧ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የሣጥኗን ጩኸት አልሰማሁም፣ የሰማሁት ሲወድቅ ነው አላት። «ደርሼ ሳየው ቁልፉን እየተጫነ ነበር። ደጋግሞ።»

ኢሽቤል እርጥብ ካፖርቷን ሳታወልቅ ከሄክተር ፊት ተቀመጠች፤ ክንዱን ዳበሰች፣ ጉልበቱን አጠፈች፣ ዘረጋች። አልተጎዳም። እሱ መስኮት መስኮቱን ያያል።

«ከሰዓት አልወጣም» አለች።

«ትወጫለሽ» አለ ሄክተር። ከዚያ ወጥ ቤቱ በር ላይ ፎጣውን ይዞ ወደ ቆመው ሰው ቀና አለ። «ያ የተኛህበት ወንበር አንገት ይሰብራል። ሶፋው ላይ ተኛ።»