የካሱ አርባ በዋዮሚንግ

ከሰቆጣ የወጣሁ ሌሊት ሻንጣዬን የተሸከመልኝ ታላቅ ወንድሜ ካሱ ነበር። መናኸሪያ ስንደርስ አውቶቡሱ ሊነሳ ሆነ። «በል፣ ስትበላ ብቻህን እንዳትበላ» አለኝ። ዲቪ ለደረሰው ወንድሙ ሌላ ምክር አልነበረውም።

ዋዮሚንግ ገባሁ፤ የሞቴል አንሶላ አጣቢ ሆንኩ። ነፋሱን ብታዩት የኛን የበጋ አቧራ ታመሰግናላችሁ። ሰዉ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ብቻውን ይበላል። ዓመት ሳይሞላኝ ካሱን የጭነት መኪና ገጨው፤ ሞተ። ሾፌሩ ለእርቅ ሽማግሌ ላከ። እናቴ ግን «ወንድሙ ካልፈቀደ ደጄን አይረግጡም» ብላ መልሱን ለእኔ ተወችው። እኔ ደግሞ እሺም እንቢም ማለት አቃተኝ።

አርባው ሲደርስ ምስር ወጥ ሠራሁ፣ ቂጣ ጋገርኩ። አከራዬ ሚስስ ዶና በሩ ላይ ቆማ አሸተተች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ለሞተው ወንድሜ ነው። ደሃ ጠርቼ ላበላ።»

«ሬሳው የት አለ?»

«ሰቆጣ።»

«ተመስገን! እዚህ ከተማ ደሃ የለም፤ ሰነፍ ነው ያለው። ዌስን ብቻ ቤቴ እንዳታስገባ።»

ዌስ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ አሮጌ ተጎታች ቤት ውስጥ የሚኖር ሽማግሌ ነው። በወጣትነቱ ሰክሮ ሲነዳ ሰው ገጭቶ ገድሏል። ከእስር ከወጣ ወዲህ ቡና ቤት እንኳ አጠገቡ የሚቀመጥ የለም።

የጠራኋቸው የሥራ ጓደኞቼ አልመጡም። ወጡ ቀዘቀዘ። እንዳታስገባ ነው እንጂ እንዳትሄድ አላለችኝም ብዬ ድስቱን አቅፌ ሐዲዱን ተሻገርኩ።

ተጎታች ቤቱ ገብቼ እጁን ላስታጥበው ውሃ ሳነሳ ዌስ ሁለት እጁን አጣምሮ ዘረጋልኝ፤ ለካቴና እንደሚዘረጋ። እጆቹን ለያይቼ አስታጠብኩት።

ጥቂት እንደበላ «ወንድምህን ምን ገደለው?» አለኝ።

«መኪና።»

ቂጣውን አስቀምጦ ተነሳ። «ይህን እኔ መብላት የለብኝም።»

ያስቀመጠውን ቂጣ አነሳሁ። «ተቀመጥ» አልኩት፤ ቆርሼ አጎረስኩት። ብዙ ጊዜ አላመጠው።

በማግስቱ ሰቆጣ ደወልኩ።

«አርባውን ማን በላለት?» አለች እናቴ።

ነገርኳት፤ የሰውየውን ጥፋትም አልደበቅኩም።

«ጠገበ?» አለች።

«ጠግቧል፣ እማ።»

«ሽማግሌዎቹንስ ምን ልበላቸው?»

«ይግቡ። ሾፌሩም ይምጣ።»

አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል። ያ ሾፌር ቤታችን ሲገባ፣ በእጁ ላይ ውሃ የሚያፈስለት ሌላ ሰው ነው።