የናዝሬት ሽቦ

ናዝሬት ሽቦ ሌባ ናት ተባለ። በየካ ተዳፋት ከላይኛው ሱቅ እስከ ታችኛው ታክሲ ተራ ያልሰማ የለም። «ከእንጦጦ ስትወርድ ጆንያዋ ይንሿሿል፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!» ያሉት ጋሼ ወልደ ኢየሱስ ናቸው፣ የእድሩ ንብረት ጠባቂ። ሰፈሩ ደግሞ የሰማውን ወሬ ሳያወፍር አያሳልፍም፤ በሳምንቱ የሰፈሩ መብራት የሚጠፋው በናዝሬት ምክንያት ሆነ።

ሽቦውስ እውነት ነው። የሌለው ሌብነቱ ነው። ናዝሬት የዱር እንስሳት ጠባቂ ናት፤ ሽቦው ከጫካ የምትነቅለው የአዳኞች ወጥመድ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ማገዶ ተሸክማ የእንጦጦን መንገድ በጀርባዋ ያጠናች ሴት ስለሆነች ሲቀጥሯት ካርታ እንኳ አላሳዩአትም።

ማን ይስማት! እድሩ «ሌባ አንቀብርም» ብሎ ስሟን ሊሰርዝ ለእሑድ ቀጠረ።

ቅዳሜ ጠዋት ከባልደረባዋ ከሩታ ጋር ባሕር ዛፉን አልፈው ጥዱ ውስጥ ገቡ። ቁጥቋጦው ተርገፈገፈ። ድኩላ! እርጉዝ፣ እግሯ በሽቦ ተይዞ፣ ዓይኗ ፈጦ።

«በሕይወት አለች!» አለች ሩታ።

«እንግዲያው ያጠመዳት ሰውዬ እየመጣ ነው። ባርኮ ሳያርዳት ከሞተችበት በክት ናት፤ ማን ይበላለታል? ፒንሳውን አምጪ፣ ቶሎ!»

ናዝሬት የጥበቃ ደንብ ልብስ ጃኬቷን አውልቃ የድኩላዋን ራስ ሸፈነች። ጎኗን በእርግጫ ብትባልም አለቀቀችም። ሩታ ሽቦውን ቀጭ! ድኩላዋ ጃኬቱን እንደተከናነበች ተፈተለከች።

«ኧረ ጃኬትሽ!»

«ተያት፣ እሷም ተቀጠረች!»

ሳቃቸው ሳያልቅ ጋቢ የተከናነበ ሰው «በስመ አብ» እያለ ብቅ አለ። ሁለቱን ሲያይ ቢላዋውን ጥሎ እየወደቀ እየተነሳ ቁልቁል ነካው። ሩታ ብትሮጥም አልደረሰችበትም።

ናዝሬት ቢላዋውን አነሳች። እጀታው ቀይ ቀለም ተቀብቷል። በሰፈሩ ከድስት እስከ ጭልፋ ቀይ የሚቀባው የእድሩ ዕቃ ብቻ ነው፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍም ያለው በአንድ ሰው እጅ ነው።

እሑድ የእድሩ ድንኳን ጢም አለ። ጋሼ ወልደ ኢየሱስ እያነከሱ ተነሱ፤ «ሌባ ከመካከላችን ትውጣልን!» አሉ።

ናዝሬት ጆንያዋን መሃል ላይ ዘረገፈችው። ሽቦው ተንሿሿ። የድኩላዋ ጸጉር ገና አልለቀቀውም። ቢላዋውን ከላዩ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ የእድሩን ቢላዋ እርስዎ ይረከቡኝ» አለች። «ሽቦውንስ ማን ይረከበኝ?»

ያ ወሬኛ ሰፈር ዓይኑን ከቢላዋው ወደ ጋሼ የሚያነክስ እግር አዞረ።