ስምንት ፍሬም በሊያ ሣጥን

የተቃጠለ ጆንያና የደረቀ የኒም ቅጠል አብረው ሲጨሱ የሚሰጡትን ሽታ ዛሬ በየሳምንቱ በገዛ እጄ የምለኩሰው ቢሆንም፣ አፍንጫዬን በነካው ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ቅናት ነው። ልጅ ሳለሁ ይህ ሽታ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን በር ላይ የአባባ ሞተር ሲቆም ነበር የሚመጣው። ታናሽ እህቴ ሊያ ከኋላው ዘላ ወርዳ፣ ሻሿን አውልቃ በምንጋራው አልጋ ራስጌ ላይ ትሰቅለዋለች፤ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ጢሱን ከሻሿ ላይ እያሸተትኩ አርር ነበር።

አያታችን በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ ወደዚህች የወደብ ከተማ ወርዶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። አባባ ደግሞ ሀራሙስ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ባለ የአንዲት ፈረንሳዊት ቪላ አትክልተኛ ነበር። ማዳም በግቢው ጥግ ሁለት ባለ ሣጥን ቀፎ እንዲያስቀምጥ ፈቅዳለት ስለነበር፣ የእረፍት ቀኑን አርብን ንቦቹን በዚያ ጢስ እያበረደ ከእነሱ ጋር ያሳልፍ ነበር። ሞተሩ የሚጭነው አንድ ሰው ነው፤ በልጅ ልክ የተሰፋው የፊት መሸፈኛ መረብም አንድ ነው፤ ሁለቱም የሊያ ነበሩ። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ፣ እሷ አሥር፤ ታላቅ ሆኜ ሳለ ለምን እሷ ብዬ ስነጫነጭ አባባ ይስቅ ነበር። «ንብ የተቆጣ ሰው አይወድም፤ አንቺ ደግሞ ገና ከበር ሳትወጪ ትንጨረጨሪያለሽ» ይለኛል። እውነቱን ነበር፤ የሚያንገበግበኝም እውነት መሆኑ ነበር።

ጥቅምት ገብቶ ሙቀቱ ጋብ ሲል ንቦቹ ሥራ ይጀምሩና የቤታችን ወሬ ሁሉ ቀፎ ይሆን ነበር። ንግሥቲቱ እንቁላል ከምትጥልበት ከታችኛው ሣጥን ላይ የማር ሣጥን ይደረባል፤ በውስጡም ንቦቹ ሰምና ማር የሚሠሩባቸው የእንጨት ፍሬሞች ጎን ለጎን ይሰካሉ። ፍሬሙ ላይ የሚለጠፈው ሰም አዲስ ከሆነ አሥሩንም አጠጋግቶ ማስቀመጥ ነው፤ ንቦቹ የማሩን እንጀራ ሠርተው ከጨረሱ ግን በሚቀጥለው ዓመት አንዱን አውጥቶ ዘጠኙን እኩል ማራራቅ ነው፣ ያኔ እያንዳንዱን ያወፍሩታል፣ ማሩም ይበዛል፣ ለሚቆርጠው ቢላዋም ይመቻል። አባባ ይህን እራት ላይ ለሊያ ደጋግሞ ሲያስረዳ እኔም እዚያው ትሪው ላይ ነበርኩ፤ ጆሮዬ ላይ የቀረው ግን የሊያ «እሺ አባባ፣ ገባኝ» ብቻ ነው። ቅናት ጆሮ ይደፍናል።

በዚያ ዓመት አባባ ለሊያ የራሷን የማር ሣጥን ሠራላት። ፍሬሞቹን ራሷ በሚስማር መትታ፣ ሰሙን ራሷ አጣብቃ፣ በሰማያዊ ቀለም ስሟን ጻፈችበት፤ አባባም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ላገኘው ሰው ሁሉ «ዘንድሮ የሊያን ማር ትቀምሳላችሁ» እያለ ያወራ ጀመር። የእኔን ስም ማንም አላነሳም። እማማ ሆዴን አውቃ «አንቺም እኮ በትምህርትሽ ጎበዝ ነሽ» ስትለኝ ጭራሽ ባሰብኝ።

ጥር ላይ ጥቂት ዝናብ ጥሎ፣ ግራሩ ማበብ ጀምሮ፣ ሣጥኑ ቀፎው ላይ ሊደረብ በታሰበበት አርብ ሊያ ትኩሳት ይዟት ተኛች። መረቡም ከሞተሩ ላይ ያለው ቦታም ለእኔ ሆኑ። እስከ ሀራሙስ ድረስ ባሕሩን እያየሁ ምነው ሁልጊዜ በታመመች ብዬ መመኘቴን አልደብቅም። አባባ አሥሩን አዲስ ፍሬም ደርድሮ ሣጥኑን ከደረበ በኋላ ለንቦቹ ውኃ ሊቀዳ ሲሄድ «ክዳኑን ቀስ ብለሽ ዝጊው» አለኝ፤ ከንቦቹ ሥራ በእጄ የሰጠኝ የመጀመሪያው ይህ ነበር። ክዳኑን አነሳሁ፣ ሰማያዊውን ስም አየሁ፣ ፍሬም ካነሰ ማሩም ያንሳል ብዬ ሁለቱን መዝዤ አወጣሁና፣ እንዳያስታውቅ ስምንቱን አራርቄ፣ ክዳኑን ዘጋሁ። ሁለቱን ፍሬሞች የዕቃ ቤቱ ጆንያዎች ሥር ደበቅኳቸው። አባባ ተመልሶ አንዲትም ንብ እንዳልነደፈችኝ ሲያይ ራሴን ዳበሰኝ።

ማር የሚቆረጠው ሚያዝያ ላይ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ነበር፤ በዚያን ቀን እማማና እኔም በታክሲ እንሄድ ነበር። አባባ የሊያን ሣጥን ከፈተ። ንቦቹ ክፍት የተተወላቸውን ቦታ በራሳቸው መንገድ ሞልተው፣ እንጀራውን ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው አግድም ሠርተው፣ ሁሉንም አንድ ላይ አያይዘውት ነበር። አንዱን ፍሬም ሲስበው የጎረቤቱ አብሮ ተቀደደ፣ ማሩ ወደ ታች ተንዠቀዠቀ፣ ንቦቹም በገዛ ማራቸው እየሰጠሙ የቀሩት አበዱ። እማማና እኔ ወደ በሩ ሮጥን። ሊያ ግን አልሮጠችም፤ አጎንብሳ፣ ባዶ እጇን ማሩ ውስጥ ከትታ፣ የሚሰጥሙትን ንቦች አንድ በአንድ ታወጣ ነበር። ብዙ ቦታ ነደፏት። ከንፈሯ አብጦ፣ ትንፋሿ ሲር ሲር ሲል አባባ አቅፏት ሮጠ፤ በማዳም መኪና ሐኪም ቤት ደረሱ። ተረፈች። ሐኪሙ ግን ከእንግዲህ አንድ ንብ ብትነድፋት ልትሞት ትችላለች፣ ወደ ቀፎ እንዳትጠጋ አለ።

ሰኔ ገብቶ የምድረ በዳው ነፋስ አሸዋውን ይዞ ሲነሳ፣ አባባ ቀፎዎቹን በርጥብ ጆንያ ሊያለብስ ዕቃ ቤቱ ሲገባ ሁለቱን ፍሬሞች አገኛቸው። አልመታኝም፣ ለሊያም ለእማማም አልተናገረም። መረቡን ብቻ ሰጠኝና «ያበላሸሽውን አንቺ ታቃኚዋለሽ» አለኝ። እንደተቀዳደደ የቆየውን እንጀራ ቆርጬ፣ ፍሬሞቹ ላይ በክር እያሰርኩ፣ አሥሩን መልሼ አስተካከልኩ። ከዚያ ወዲህ አርብ ሁሉ የእኔ ሆነ። የተመኘሁትን አገኘሁ፤ ሊያ ግን በሩ ላይ ቆማ ስትሸኘን ቀና ብዬ ላያት አልችልም ነበር።

አባባ ካለፈ ቆይቷል፤ ቀፎዎቹ ዛሬ የእኔ ናቸው። ሊያ ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ በአንድ መጋዘን ቢሮ ትሠራለች፤ በየዓመቱ የመጀመሪያውን ማር ይዤላት ስሄድ ጢሱ እንዳይሸታት ገላዬን ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ ነበር የምሄደው። ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፣ «ስንት አስቀመጥሽ?» እኔም «ዘጠኝ» እላታለሁ። ዘንድሮ ግን አፌ እምቢ አለኝ።

«ያኔ ስምንት ያደረግኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

የማሩን ክዳን እያጠበቀች «አውቃለሁ» አለች። «በዚያ አርብ እኔ ተኝቼ ነበር፤ አባባ ደግሞ ቆጥሮ ነው የሚያስቀምጠው። ሌላ ማን ነበረ?»

ከዚያ «ያደረግሽው አልነበረም የሚያቃጥለኝ» አለችኝ። «አርብ አርብ ያን ጢስ ለብሰሽ መጥተሽ አጠገቤ ስትተኚ ነበር። አሁን ግን ሽታው ናፍቆኛል፤ በሚቀጥለው ሳትታጠቢ ነይ።»

ያኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ የእሷን ሻሽ የማሸተው እኔ ነበርኩ፤ ለካስ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁሉ ፊቷን ወደ ግድግዳው ያዞረችው እሷ ነበረች። አሁን አርብ ከቀፎዎቹ ስመለስ በቀጥታ እሷ ቤት እሄዳለሁ፤ በሩ ላይ ሻሼን አራግፌ፣ ንብ እንዳልተደበቀበት እጥፋቱን አንድ በአንድ አይቼ፣ እሰጣታለሁ።