ጀርባቸውን ሰጥተው የሚዳኙት እትዬ

ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭቀጭቀጭ፤ ከዚያ በመስመሩ መጨረሻ የደወሏ ቅጭል! የእነዚያ ሃያ የጽሕፈት መኪናዎች ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ታይፕ የተማርኩት በጣውላ ደረጃ በሚወጣበት ሰፊ ክፍል ነበር። መምህራችን ጀርባቸውን ሰጥተውን በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ይቆማሉ። አንዲት ፊደል ከሳትን ግን ሳይዞሩ፣ «አንተ በሩ አጠገብ ያለኸው፣ ትንሿ ጣትህ ዛሬ ቁርስ አልበላችም እንዴ?» ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም። በሹክሹክታ «እትዬ ጆሮ» አልናቸው፤ እሱንም ሰሙት።

ትምህርት ሲያበቃ በሩ ላይ ቆመው «ደኅና ዋሉ፣ ልጆቼ» ሳይሉ የወጡበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ዘመን ተለወጠና መኪናዎቹ ተነሡ፤ ክፍሉ የወጣቶች ጌም ቤት ሆነ። እትዬም ጡረታ ወጡ። ነገር ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት የወንድማቸው ልጅ ከጌም ቤቱ አልጠፋ ብትላቸው፣ እሷን ፍለጋ ሲመላለሱ ጨዋታውን ለመዱት። ውሎ አድሮ የውድድር ኮሚቴው ዳኛ አደረጋቸው። ሌሎቹ ዳኞች ስክሪኑ ላይ ሲያፈጡ፣ እሳቸው ወንበራቸውን አዙረው ይቀመጣሉ። ልጆቹ ሳቁባቸው። አንድ ቀን ግን «ከወዲያ በኩል ሦስት እጅ ይሰማኛል» ብለው፣ ለጓደኛው ተደብቆ ቁልፍ ሲጫን የነበረውን አጋለጡ። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

የክልሉ ፍጻሜ ደረሰ። የሚያሸንፈው ወደ አገር አቀፉ ውድድር ይሄዳል። ለፍጻሜው የደረሱት እትዬ ያሳደጓት ልጅና የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበሩ።

«የራሴን ልጅ አልዳኝም» አሉ እትዬ።

«እትዬ ካልዳኙ እኔ አልጫወትም!» አለ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ ተጋጣሚዋ ራሱ።

እኔ ነጥብ መዝጋቢ ነበርኩ። ጨዋታው የቡጢ ነው፤ አንድ ጊዜ ቁልፉን ሲጫኑ አንድ ቡጢ ይሰነዘራል። ልጅቷ ያን ቀን አዲስ ጆይስቲክ፣ የራሷን የጨዋታ መቆጣጠሪያ፣ ይዛ መጣች። አንድ ለአንድ ሆኑ። በመጨረሻው ዙር ቡጢዋ እንደ በረዶ ይወርድ ጀመር፤ ተመልካቹ ተነሥቶ ጮኸ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የእትዬ እጅ ወደ ላይ ወጣ።

«ይቁም!»

«ምነው እትዬ?» አለ የኮሚቴው ሰብሳቢ።

«አሥር ቡጢ ሰማሁ፤ የጣት ምት ግን አንድ ብቻ።»

ተነሥተው ጆይስቲኩን ገለበጡት። ከሥሩ አንድን ምት አሥር የምታደርግ ትንሽ ማብሪያ አለች። ተከፍታለች። ደንቡን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በእንዲህ ያለ ዕቃ የተጫወተ ከውድድሩ ይወጣል።

ሰብሳቢው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ፣ «ከእኛ በቀር ማንም አላየም እኮ» አላቸው።

«እኔ ሰምቻለሁ።»

«አክስቴ!» አለች ልጅቷ። «ጣትሽ ቀርፋፋ ነው፣ ፍጠኚ ያልሽኝ አንቺ ነሽ እኮ!»

«ፍጠኚ አልኩሽ እንጂ በጣትሽ ምትክ ሌላ አምጪ አልኩሽ?» አሉ እትዬ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ «አሸናፊው የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ነው። ጻፍ» አሉ።

እጄ እንቢ አለኝ። ልጅቷ ስንት ዓመት እንደለፋች አውቃለሁ።

«ብዕርህ አልተሰማኝም» አሉ ሳይዞሩ።

ጻፍኩ።

ልጅቷ ወንበሯን ገፍታ በጣውላው ደረጃ ቁልቁል ሮጠች። ያሸነፈው ልጅ እንኳ አልጨፈረም፤ አንገቱን ደፋ። እትዬ የዳኝነት ባጃቸውን ፈትተው መዝገቤ ላይ አስቀመጡ። ልጅቷ ከወንበሩ ላይ የረሳችውን ሹራብ አነሡና አቧራውን አራገፉት። ወደ በሩ ሲያመሩ ሁላችንም፣ ትልቁም ትንሹም፣ እንደ ድሮው ዞር እስኪሉ ጠበቅን። እሳቸው ግን ጆሯቸው ደረጃው ላይ ነበር። ሹራቡን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ደኅና ዋሉ ሳይሉን ወጡ።