ለጎማ የተያዘ ሣር

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ መናኸሪያ አጠገብ ከእናቴ ጋር ሙዝ የምሸጥበት ጊዜ። ባለፈው ሳምንት በዚያው ሳልፍ አንድ ጎሚስታ ጎማ ይለጥፍ ነበር። የተቃጠለው ላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሲይዘኝ እግሬ ቆመ፤ ጋሽ ኦይቻ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

የእናቴን መደብና የእሳቸውን ጎሚስታ ቤት የምትለየው አንዲት የማንጎ ዛፍ ነበረች። እስከ ወገባቸው መሬት የተቀበሩ አሮጌ ጎማዎች የደንበኛ መቀመጫ ናቸው፤ ኮምፕረሰሩ ሲነሳ የእኛ ሙዝ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ረጃጅም ቁጥር ማንበብን የለመድኩት፣ ምን ልበላችሁ፣ በእነዚያ ጎማዎች ጎን ላይ ከተጻፈው ነው። ጋሽ ኦይቻ ከደጋው፣ ከጨንቻ የወረዱ ቀጭን ሰው ነበሩ። ጎማ የሚመርጡት በአውራ ጣታቸው ጥፍር ነው፤ ላስቲኩን ተጭነው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ማንጎ መብሰሉን ለማወቅ የምትዳስስ ሴት ይመስሉኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ታሪኩ አንዲት አሮጌ ዲኤክስ መኪና ነበረችው። ትልቅ ሞተር ከገጠመላት ወዲህ ባለሠርጉ ሁሉ ከፊት እንድትመራለት ይለምነው ጀመር። ችግሯ፣ ነዳጅ ሲረግጥላት የኋላ ጎማዎቿ ባሉበት ይሽከረከራሉ እንጂ አትፈተለክም። ይህን እያወቀ ነው እንግዲህ በጓደኞቹ ፊት ከአንድ የላይኛው ከተማ፣ የሼቻ ልጅ ጋር ጫኖ መንገድ ላይ ሊሽቀዳደም ቃል የገባው። ከአዲስ አበባ ሁለት የእሽቅድምድም ጎማ አስመጣ፤ ሰፋፊ፣ ለስላሳ፣ ጥርሳቸው እምብዛም የሌለ።

ጋሽ ኦይቻ ጥፍራቸውን ቀበሩበት።

«ደረቅ አስፋልት ላይ እንደ ሙጫ ይይዛል። ውሃ ላይ ግን ሳሙና ነው» አሉ። «ማለዳ ማለዳ እናትህን ሙዝ ልታመጣ ጫኖ የምታደርሳት በዚህችው መኪና አይደለም?»

«ለአንድ ቀን ነው ጋሽዬ።»

«አስፋልቱ የአንድ ቀን መሆኑን በምን ያውቃል? አልገጥምም።»

እናቴ ሙዟን እያስተካከለች ሳቀች። ታሪኩ አልሳቀም፤ የገባው ቃል አንቆታል። ከኩልፎ ወንዝ ወደሚመጣው ቦይ ሄዶ እርጥብ ሣር ነጨ። ተመልሶ በሁለት እጁ እንደያዘው ጋሽ ኦይቻ እግር ሥር ተንበረከከ።

መንገደኛው ቆመ። በጋሞ ባህል ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው እምቢ ማለት የለም፤ ሽማግሌዎች ስንት ጠብ ያበረዱበት ነገር ነው።

«ይሄ ለደም ነው፣ አንተ ልጅ። ለጎማ አይደለም» አሉ ጋሽ ኦይቻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ታሪኩ አልተነሳም። ሽማግሌው ግራ ቀኙን አዩ፤ የሚሸሹበት አልነበራቸውም። ሣሩን ተቀበሉት።

ገጥመው ሲጨርሱ ግን ከዚያው ሣር ግማሹን ይዘው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ወንድሜ ፊት ተንበረከኩ።

«አሁን ደግሞ አንተ ተቀበለኝ። ዝናብ ሲጥል አትነዳም።»

በየትኛው ጎማ፣ እስከ መቼ፣ አላሉም። ታሪኩም አልጠየቀም። ሣሩን ተቀበለ።

የእሽቅድምድሙ ቀን፣ ሁለቱ መኪኖች መነሻው ላይ እንደቆሙ ዘነበ። ከሠፈር ልጆች ጋር የሙዝ ቅጠል ተከናንቤ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። የሼቻው ልጅ ሞተሩን እያስጮኸ፣ «ምነው፣ መኪናህ ጨው ናት እንዴ? ትሟሟብሃለች?» አለው። ታሪኩ መስታወቱን ዘግቶ፣ መሪውን ጨብጦ ተቀመጠ። ዝናቡ ሲበረታ ሁሉም እየሳቁ ተበተኑ። እኔ ቀረሁ። በመስታወቱ ውስጥ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ኦይቻ ታመሙና ዘመዶቻቸው ወደ ጨንቻ ወሰዷቸው። ታሪኩ ሌላ ጎሚስታ ዘንድ የድሮ ጎማዎቹን አስመለሰ፤ ቃሉን የሚፈታለት ግን ያስገባው ሰው ብቻ ነው። ሄዶ እንዲለምናቸው እናቴ ወተወተችው። እሱ አፈረ፤ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለ ቆየ። በመጨረሻ ወደ ጨንቻ ሲወጣ የጋሽ ኦይቻ ግቢ በለቀስተኛ ሞልቶ ጠበቀው።

ዛሬ ታሪኩ የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ከአርባ ምንጭ ሶዶ ይሠራል። ዝናብ ሲጀምር ጥግ ይይዝና ሞተር ያጠፋል። ተሳፋሪው ይቆጣል፤ አንዳንዱ ወርዶ ሌላ መኪና ይሳፈራል። ታሪኩ እስኪያባራ ይቀመጣል።