መብራት አለ፣ ጉልበት የለም

ዋንዛ ሜዳ ላይ ሞተር የሚያቃጥለው አንድ ቃል ነው፦ «መብራት»። አምፖሉም መብራት፣ ሽቦውም መብራት፣ ከትራንስፎርመሩ የሚመጣው ኃይልም መብራት። አምፖል ከበራ «መብራት አለ» ይባላል። መብራት ካለ ወፍጮው መፍጨት አለበት፤ ካልፈጨ ጥፋተኛው ሞተሩ ነው። በዚህ ፍርድ የሴቶች ማኅበሩ የወፍጮ ሞተር ሁለት ጊዜ ነዶ፣ ቡሬ ድረስ ተጭኖ የውስጥ ሽቦው እንደ አዲስ እየተጠቀለለ ተመልሷል። ዘንድሮ እንደገና ማጉረምረም ሲጀምር የማኅበሩ ሰብሳቢ እትዬ ቻይነሽ ቆረጡ።

«ሦስተኛ ሳይቃጠልብን ይሸጥ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንምከርበትና ይለቅልን።»

ከተሸጠ የዋንዛ ሜዳ ሴት እንደ ድሮው እህሏን አዝላ ቡሬ ትወርዳለች፣ ዱቄቷን አዝላ አቀበቱን ትወጣለች። «ይሸጥ» ለማለት የቸኮሉት የመንደሩ ወንዶች ግን ያንን ሸክም አንድ ቀን ተሸክመውት አያውቁም። ልናገረው እንጂ!

ወሬው ለዕረፍት የመጣችውን ወይኒቱን ደረሳት። ወይኒቱ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ናት፤ አባቷ አያ ክንዱ የቀበሌው የውኃ አባት ናቸው፤ መስኖውን በተራ የሚያከፋፍሉ፣ ተራ የዘለለውን የሚቀጡ። ልጅቷ የኃይል ስሌት ትምህርቷን በጥሩ ውጤት አልፋለች። ቀመሩን እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። ዳዊት የደገመ ሁሉ ግን ትርጓሜ ያውቃል ማለት አይደለም። እኔ ኤሌክትሪክን የተማርኩት የተቃጠለ ዕቃ በመፍታት ነውና እንዲህ ያለውን ትምህርት ሳይ ደሜ ይፈላል፦ ልጆቻችን ቀመር ይሸመድዳሉ፣ ሽቦ አይነኩም።

ወይኒቱ ከትራንስፎርመሩ እስከ ወፍጮ ቤቱ ምሰሶ ለምሰሶ ሄደች፣ የሽቦውን ውፍረት ጠየቀች፣ የሞተሩን ጉልበት ከጎኑ ከተመታው ሰሌዳ ላይ አነበበች። ጉልበቱን ለቮልቴጁና ለሦስቱ መስመር አካፈለችው፤ የሚባክነውንም አልዘነጋችም። ከዚያ ውጤቱን ይዛ ወፍጮ ቤት ገባች።

«እትዬ፣ መስመሩ ጤነኛ ነው። ሞተሩ የሚስበው ሃያ ሁለት አምፔር ግድም ነው። በዚህ ሽቦ መንገድ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ከመቶ አራት እጅ ቢሆን ነው።»

«ሞተሩስ፣ ልጄ?»

«ሞተሩም ጤነኛ ነው።»

ከጎን ቤት የእንጨት መሰንጠቂያ ያለው አናጢው ወንዳወቅ በር ላይ ቆሞ ሳቀ። «መስመሩ ጤነኛ፣ ሞተሩ ጤነኛ! እንግዲያ ጠበል እንውሰደው?»

ወረፋ የያዙት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ወይኒቱ ፊቷ ቀላ፤ ሆኖም አልሄደችም። የተሰላው ልክ ከሆነ ለምን ያጉረመርማል? ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ብዙም ሳይቆይ ኃይሉ ጠፋ። ያኔ ነው ሁላችንም የምናደርገውን፣ ማንም ግን የማያየውን ነገር ያየችው። ማብሪያ የሚያጠፋ ሰው የለም። ወፍጮው በቆሎ እንደተሞላ፣ መሰንጠቂያው እንደተከፈተ፣ የወንዙ ፓምፕ እንደተከፈተ ይቀራል። ለምን ቢሉ፣ «ካጠፋነው መምጣቱን በምን እናውቃለን?»

«መብራት መጣ!» የሚል ጩኸት ከታች መንደር ተነሣ። በዚያችው ቅጽበት ወፍጮው፣ መሰንጠቂያውና ፓምፑ አንድ ላይ ሊነሡ ታገሉ። አምፖሉ ብልጭ አለና በራ። ሞተሩ ግን ጎድን አጥንቱ ላይ እንደተረገጠ በሬ አቃሰተ እንጂ አልዞረም።

«ይኸው እይው!» አሉ እትዬ ቻይነሽ ወደ አምፖሉ እየጠቆሙ። «መብራት አለ!»

ወይኒቱ መለኪያዋን ሰክታ ነበር። ሦስት መቶ ሰማንያ መሆን የነበረበት ቮልቴጅ ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ ወድቋል። «ያጥፉት እትዬ! አሁን ያጥፉት!»

ሞተሩ ዝም ሲል የራሷ ስሕተት ታያት። ያሰላችው የሚዞር ሞተር ነበር። ቆሞ የሚነሣ ሞተር ግን ለመነሻው ብቻ አምስትና ስድስት እጥፍ ይስባል፤ ሦስት ሞተር በአንድ ቀጭን መስመር ሲነሣ ደግሞ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ያልቃል። ክፋቱ ይህ ብቻ አይደለም። ቮልቴጁ ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ሲቀረው፣ የሞተሩ መነሻ ጉልበት ከዘጠኝ አራት እጅ ብቻ ይቀረዋል። የቀረው እጅ በራሱ ይባዛልና። የዘመኑ አምፖል በዚያችው ጥቂት ቮልቴጅ ይበራል፤ በቆሎ የተሸከመ ሞተር ግን ባለበት ቆሞ እየሳበ ይነዳል። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ ኃይሉን የሚቆርጠው መከላከያ ያድነው ነበር፤ እሱንም ሞተሩን የጠቀለለው የቡሬው ሰውዬ «እየጠፋ ያስቸግራችኋል» ብሎ፣ መስመሩን በሌላ ሽቦ አሳልፎ ከሥራ ውጪ አድርጎታል። እግዜር ይይለት!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ወፍጮ ቤቱ ደጅ ተሰበሰበ። ወይኒቱ ተነሣች።

«በስሌቴ ተሳስቼ ነበር፤ የመነሻውን አላሰላሁም» ብላ ጀመረች። አምፔር፣ ቮልቴጅ፣ ሦስት መስመር ስትል ግን የሰዉ ዓይን ከእርሷ ወደ ዳመናው ሄደ። ወንዳወቅ አዛጋ። «እንሽጥና እንገላገል!» አለ አንዱ። እጆች ሊነሡ ሲሉ ልጅቷ በተስፋ መቁረጥ ከአንድ የአማርኛ ሳይንስ መጽሐፍ ያነበበችውን ቃል ወረወረች።

«ጅረት ነው! በሽቦው የሚሄደው ጅረት ነው የበዛበት!»

አያ ክንዱ በትራቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «ምን አልሽ? ጅረት?»

«አዎ አባዬ። መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እኮ ጅረት ከሆነ ይህን እኔም አውቀዋለሁ!» ወደ ሰዉ ዞሩ። «ባለማሳው ሁሉ ቦዩን ባንድ ጊዜ ቢሰብር ግርጌ ያለው ማሳ ምን ያገኛል?»

«ጭቃ!» አለች አንዲት ሴት።

«ወፍጮው ግርጌ ማሳ ነዋ!»

ሰዉ ጫጫታ ሆነ። ወይኒቱ አፏን ከፍታ አባቷን አየች፤ ቃሉን ስታነብ ኖራ ውኃውን አላየችውም ነበር።

«አሁኑኑ እንሞክረው» አለች። «ሁሉም ይጥፋ። ወፍጮው ባዶውን ይቅደም፤ ዙሩ ሲሞላ እህል ይጨመርለት። ከዚያ ፓምፕ፣ ከዚያ መሰንጠቂያ።»

«እኔ ነኝ መጨረሻ?» አለ ወንዳወቅ።

«አንተማ ጠበልህን እየጠጣህ ቆይ» አሉት እትዬ ቻይነሽ።

መከላከያው ወደ ቦታው ተመለሰ። አያ ክንዱ በቦይ አፍ እንደሚቆሙት በሩ ላይ ቆመው ተጣሩ፦ «ወፍጮ!» ሞተሩ ጥቂት አንገራገረና ድምፁ ከፍ፣ ከፍ ብሎ ጠራ። ዞረ። እትዬ ቻይነሽ በቆሎውን ለቀቁት። «ፓምፕ!» አምፖሉ ብቻ ፈዘዝ ብሎ ተመለሰ። «አናጢ!» ወንዳወቅ ሲሮጥ ነጠላው ወደቀ። ወፍጮው አልቆመም። ትኩስ ዱቄት ወረደ፣ እትዬ ቻይነሽም በእፍኛቸው ተቀበሉት። ስለ ሽያጩ ከዚያ በኋላ የጠየቀም የለ።

ተራ መግባት ማስታገሻ ነው፣ ፈውስ አይደለም። ይህ ሕዝብ ወፍራም ሽቦ ይገባዋል! ወይኒቱም የመነሻውን ስሌት አስተካክላ፣ ማኅበሩ ለሚመለከተው ክፍል እንዲያመለክት ሰጥታለች። እስከዚያው ኃይሉ ሲጠፋ ማብሪያ ይጠፋል። ሲመለስ ልጆች «መብራት መጣ!» ብለው ይጮኻሉ፤ እትዬ ቻይነሽ ግን ማብሪያውን ከመንካታቸው በፊት አንገታቸውን በበሩ ብቅ አድርገው ይጠይቃሉ፦

«መብራቱስ መጣ፤ አያ ክንዱ፣ ጉልበቱ መጥቷል?»