ብርቱካኑን የወረወረው

እናቴን ለዓይኗ ሞራ ከአሰላ አዲስ አበባ የወሰድኳት ዕለት ሐኪሙ ቶሎ ጨረሰልን። ለቀዶ ጥገናው በሚቀጥለው ወር ተመለሱ ተባልን። የመልስ መኪናው እስኪነሳ ጊዜ ስለነበረን «ነይ፣ አንበሳ ላሳይሽ» አልኳት። ለእሷ ብዬ ነው ስል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የቢሮ ሰው ሆኜ እናቴን አዲስ አበባ አንሸራሸርኳት መባሉን ፈልጌዋለሁ።

እናቴ ዕድሜዋን ሁሩታ አጠገብ ከከብት ጋር የኖረች ሴት ናት። ልጅ ሳለሁ የታሰረች ጥጃ በአርጩሜ ስለመታሁ ይቅርታ አስጠይቃኛለች፤ ጥጃዋን። «የታሰረ አይመታም» ነው ሕጓ። የልጅ ልጆቿም በቃላቸው ያውቁታል።

የአንበሶቹ ግቢ ስንደርስ አንበሳው በአጥር ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። እናቴ አጥሩን ይዛ ዓይኗን አጥብባ ብትመለከትም አልታያት አለ። «የታለ?» ትለኛለች ደጋግማ። አጠገባችን ያለው ሰው ያፏጫል፣ ያጨበጭባል። ሰው እዚህ ቦታ ለምን እንደሚጎርፍ ያኔ አልገባኝም ነበር። አሁን ሳስበው፣ ጫካ ውስጥ ድምፁን ብንሰማ እግሬ አውጪኝ ብለን የምንሸሸውን አውሬ፣ አጥር ካለ ልንሰድበው ነው የምንሄደው። ከእነዚያ መሃል አንዱ እኔ ነኝ።

ስንመጣ ዴራ ላይ በመኪናው መስኮት የገዛነው ብርቱካን በፌስታል እናቴ ክንድ ላይ ተንጠልጥሏል። አንዱን አወጣሁና ወረወርኩ። ጆሮ ግንዱን አገኘሁት። አንበሳው ብድግ አለ፣ ሰዉ ሳቀ፣ አንድ ሰውዬ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ደስ አለኝ፤ ይሄን መደበቅ አልችልም።

ጥበቃው እየሮጠ መጣ። «ብርቱካን የወረወረው ማነው?» ዓይኑ ፌስታሉ ላይ አረፈ። «እማማ፣ እርስዎ ነዎት?»

እናቴ እኔን እየጠበቀች እንደሆነ አውቄያለሁ። እኔ ግን ስለ አንበሳው የተጻፈውን ሰሌዳ ማንበብ ጀመርኩ።

«አዎ ልጄ» አለች። «ዓይኔ ደካማ ነው። ይበላል ብዬ ነው።»

«በዚህ ዕድሜዎ አያፍሩም?»

«ይቅር በለኝ» አለችው። ጀርባዬን የመታኝ ሰውዬ፣ ማን እንደወረወረ በዓይኑ ያየው፣ «ከገጠር ስለመጡ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ ሰሌዳውን ማንበቤን ቀጠልኩ።

በመልሱ መኪና ጎን ለጎን ተቀመጥን። አዳማን ካለፍን በኋላ ከፌስታሉ አንድ ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ። እያፈርኩ በላሁት።

አሰላ ቤቴ ስንደርስ የሰባት ዓመት ልጄ እናቴ አንገት ላይ ተጠመጠመች። አያቷን የምትጠራት በኦሮምኛ ነው። «አኮ፣ አንበሳውን አየሽው?»

«ጥላውን አየሁ። ተነስቶልን ነበር።»

«እንዴት ተነሳ?»

እናቴ እኔ ወዳለሁበት ዞር አለች። ፊቴን አጥርታ እንደማታየው ባውቅም በመስኮቱ ወደ ጭላሎ ተራራ ማየት ጀመርኩ።

«በብርቱካን መታሁት» አለች።

ልጄ እጇን ከአንገቷ ላይ አወረደች። «የታሰረ አይመታም ብለሽን የለ?»

«ብያለሁ። አጠፋሁ።»

ልጄ አልተዋጠላትም። እኔ ዘንድ መጥታ እጄን ያዘች። «አባዬ፣ አንተ አብረሃት አልነበርክ? ለምን አልከለከልካትም?»

«አላየሁም» አልኳት።